ልጓም የጎረሱት ጋሽ ካሣሁን

ጋዜጣው ላይ ፎቶዋ የወጣው ኦርና ናት። የፈረሷን አንገት አቅፋ፣ ጥርሷን እስከ መንጋጋዋ አሳይታ። ከሥሩ «ሰውንና ፈረስን የምታስታርቀው ሴት» ይላል። እኔ ዕብራይስጥ የማነበው ፊደል እየቆጠርኩ ስለሆነ ይቺን አንድ መስመር ስጨርስ ኦቶቡሱ ከጊቫት ኦልጋ ተነሥቶ የሐደራ ገበያ ደርሷል። ደሜ ግን መንገድ ላይ ነው የፈላው። ማንን ከማን ነው ያስታረቀችው?

ፎቶውን ጥጉ ላይ ብታዩት አንድ ክንድ አለ። ሰማያዊ የሥራ ልብስ፣ እጅጌው እስከ ክርን የተጠቀለለ። ሰውየውን ሲቆርጡት ክንዱ ተርፎ ነው። ያ ክንድ የጋሽ ካሣሁን ነው። እኔ እዚያው ሐቫው ውስጥ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባሕር ዛፎቹ መሐል ያለው የፈረስ ግቢ ማለቴ ነው፣ ቢሮ እጠርጋለሁ። ቢሮ የሚጠርግ ሰው ሁሉን ያያል። ያየሁትን ካልተናገርኩ ደግሞ ጨጓራዬን ያመኛል። ስለዚህ ጋዜጣው የቆረጠውን እኔ ልቀጥለው።

ጋሽ ካሣሁን የወገራ ሰው ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻውንም፣ ማጭዱንም፣ ምሣሩንም ይቀጠቅጣሉ፤ የታወቁት ግን በልጓም ነበር። ባለ ፈረስ ሁሉ ልጓም የሚያሠራው እነሱ ቤት ነው። ታዲያ ልጓሙን ሲረከብ ፊቱን ያዞራል፤ ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ይበሉኛል ብሎ። ከእጃቸው የወጣውን ብረት ለፈረሱ ያጎርሳል፣ እነሱን ግን ቀና ብሎ አያይም። መሬት የላቸው፣ ፈረስ የላቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ፈረስ አፍ ሲያዩ ኖረው አንድ ቀን እንኳ ጀርባው ላይ አልወጡም። ኦርና ለእንግዶቿ «እነሱ እኮ ከፈረስ ጋር ነው ያደጉት፣ በደማቸው ነው» ስትል ጥርሴን የማፋጨው በዚህ ነው።

አባታቸው አንድ ሕግ ነበራቸው። «በአፍህ ያልቀመስኸውን ብረት በፈረስ አፍ አታግባ።» ልጓሙ ተቀጥቅጦ፣ ተሞርዶ ከቀዘቀዘ በኋላ ሠሪው ራሱ ይጎርሰዋል። ዓይን ያለፈውን ምላስ አያልፈውም።

በፈረንጅ ሰማንያ አራት በእግራቸው ሱዳን ወረዱ። እዚያ ሁለት ልጆች ቀበሩ። በዓመቱ እዚህ ገቡ። መዝጋቢዋ ሙያቸውን ስትጠይቃቸው ያኔ የሚያውቋትን አንዲት ቃል «ባርዜል» አሏት፤ ብረት ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ምን ብላ ጻፈች? ሙያ የለውም። ብረት ያለ ሰው ሙያ ከሌለው እንግዲህ ማን አለው? ከዚያ ኢንዱስትሪ ዞን አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ካርቶን ሲያጥፉ ኖሩ። ፋብሪካው ሲዘጋ ወደ ሐቫው መጡ፣ ፋንድያ ሊዝቁ።

ኦርና፣ የሐቫው ባለቤት፣ ስማቸውን መጥራት አልቻለችም። «ካሳ» ትላቸዋለች። እዚያ ደግሞ ፈረስ ላይ የሚወጣ ሁሉ የሚደፋው ጠንካራ ቆብ አለ፤ በዕብራይስጥ ካስዳ ይሉታል። ቀኑን ሙሉ «ካስዳ፣ ካስዳ» እየተባለ ይጮኻል። ጋሽ ካሣሁን የመጀመሪያውን ሳምንት አካፋ እየጣሉ «አቤት፣ አቤት» እያሉ ሲሮጡ ከረሙ። እኔ ወንበር ይዤ ሳቅሁ። ማስረዳት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይገኝም።

ሐቫው ለመጋለብ ብቻ አይደለም። አካሉ የተጎዳ፣ መንፈሱ የተሰበረ ሰው ይመጣል፤ ፈረስ ይቦርሻል፣ ፈረስ ይመራል፣ ሲደፍርም ይቀመጥበታል። መጀመሪያ ሳየው «ሐኪም ጠፍቶ ነው ወይ» ብዬ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ኦርና እጇን ደረቷ ላይ ታደርግና፣ ዓይኗን ግማሽ ጨፍና፣ ድምጿን ሕፃን እንደምታስተኛ ሴት አለስልሳ «ሀኮል ቄሼር» ትላለች። ነገሩ ሁሉ ቄሼር ነው ማለቷ ነው። ቄሼር በዕብራይስጥ ቋጠሮ ነው፤ ሰውን ከሰው፣ ሰውን ከእንስሳ የሚያያይዝ። ይኼን እኔ አውቃለሁ፤ ዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ስድስት ወር ተቀምጫለሁ፣ አራቱን ወር ባንኮራፋም።

ጋሽ ካሣሁን ግን የሰሙት ሌላ ነው። «ቀሰረ» ብለው ነው የሰሙት። ጆሮውን ቀሰረ፣ ጆሮዋን ቀሰረች እንደምንለው። የፈረስ ቤት ነው፤ ሴትዮዋ ቀሰረ ቀሰረ ስትል ስለ ጆሮ ካልሆነ ስለ ምን ትላለች? ኦርና በበረቱ ስታልፍ «ካሳ፣ ዬሽ ቄሼር?» ትላቸዋለች፤ ቁርኝት አለ ወይ? እሳቸው ወደ ፈረሱ ጆሮ ቀና ይሉና ቆሞ ከሆነ «ዬሽ ቄሼር»፣ ተለጥፎ ከሆነ «ኤን ቄሼር» ይላሉ። አለ፣ የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲግባቡ ኖሩ። ጊቫት ኦልጋ ውስጥ ይቺን ያላስመሰልኩበት ቤት የለም። አንገቴን ሰግጌ፣ ዓይኔን አጥብቤ፣ ጆሮ ጆሮ እያየሁ «ኤን ቄሼር» ስል ሠርግ ቤት ሁሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

አሁን ወደ ሱፋ ልምጣ። ሱፋ ዳማ ባዝራ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት። ሱፋ በዕብራይስጥ ማዕበል ነው፤ ጋሽ ካሣሁን ግን ሱፍ አበባ መስሏቸው «ሱፌ» ይሏታል። ከሚደበድባት ሰው ተገዝታ ነው የመጣችው፤ ሰው ሲጠጋት ትነክሳለች። እሳቸው ምን አደረጉ? በእረፍት ሰዓት ጋጣዋ ውስጥ ይገቡና ጀርባቸውን ሰጥተዋት ባልዲ ላይ ተቀምጠው ዳቧቸውን ይበላሉ። አያዩዋትም፣ አይነኳትም።

«ጋሽ ካሣሁን፣ ምነው አኮረፏት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እንግዳ ሆኜ ነው የመጣሁት። የቤቷ ባለቤት እሷ ናት፣ ትጥራኝ።»

በሁለት ወሯ ጠራቻቸው። ከኋላ መጥታ ቆባቸውን አሽትታ አነሣችላቸው። ሚስታቸው እትዬ ደጅቱ ያን ሰሞን ደረጃው ላይ አግኝተውኝ «ሱዳን ላይ የቀረው እንቅልፉ መጣለት» አሉኝ። «ፋንድያ ፋንድያ ቢሸተኝም ይሽተተኝ፣ ብቻ ይተኛልኝ።»

ሱፋ የሺሪ ፈረስ ሆነች። ሺሪ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። መኪና ተጋጭታ ከዳነች ወዲህ ከሰው ጋር መናገር ትታለች። በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣና የሱፋ ጆሮ ውስጥ ታንሾካሹካለች። ምን እንደምትላት ለመስማት ወደ ጋጣዋ የሚያየውን የቢሮ መስኮት ሁለት ሳምንት ሳጸዳው ከረምኩ። አንድ ቃል አልሰማሁም።

በፈረንጅ ዘጠና ሰባት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ኦርና ከውጭ አገር አዲስ ልጓም አስመጣች። ያብለጨልጫል፣ ፊትህን ታይበታለህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱፋ ጭንቅላቷን ትወረውራለች፣ ወደ ኋላ ትላለች። በሦስተኛው ሳምንት ሺሪን ጣለቻት። የልጅቱ የእጅ አንጓ ተሰበረ። መሬት ላይ ተቀምጣ እጇን እንደያዘች «እሷ አይደለችም» አለች። እኛ የሰማንላት የመጀመሪያ ቃል ይቺ ናት፣ ማንም ግን ከቁም ነገር አልቆጠራት።

ጋሽ ካሣሁን ቆጠሯት። እጃቸውን ታጥበው ቢሮ ድረስ መጥተው «ኦርና፣ ሀባርዜል ሎ ቶቭ» አሏት። ብረቱ ጥሩ አይደለም። ኦርና «ቤሴደር፣ ካሳ» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው፤ የበሩን ብረት መስሏት ኢንዱስትሪ ዞን ብረታ ብረት የሚሠራውን አቪቻይን ጠራች። አቪቻይ መጥቶ የግቢውን የብረት በር በይዶ ሄደ። በማግሥቱ ጋሽ ካሣሁን እንደገና «ሀባርዜል ሎ ቶቭ»። አቪቻይ ሁለተኛ ተጠራ፤ እየተሳደበ ያንኑ በር ሁለተኛ በየደው። እኔ በሐደራ ምድር እንደዚያ ያለ ጠንካራ በር አላየሁም። እኔስ ለምን አልተረጎምኩም? እኔም በሩን መስሎኝ ነዋ።

የገባኝ ሐሙስ ዕለት ነው። የኮርቻውን ክፍል ልጠርግ ስገባ ጋሽ ካሣሁን ጥግ ላይ ቆመው ልጓም ጎርሰዋል። ያንን አብለጭላጩን። ዓይናቸውን ጨፍነው በምላሳቸው ያገላብጡታል። ሲያወጡት ከንፈራቸው ላይ ደም አለ።

«መሐል ላይ መጋጠሚያው ሥር ስለት አለው» አሉኝ። «ከላይ አይታይም። ምላሷን እየበላት ነው።»

እኔ ምን ሰማሁ? ምንም አልሰማሁ። እኔ ያየሁት ሽማግሌ ልጓም ጎርሶ ነው። ዓርብ ጠዋት ገበያ ውስጥ ቲማቲም እየመረጥን ለጎረቤቴ ለውዲቱ ነገርኳት፣ ውዲቱ ለሽንኩርት ሻጩ ሁሉ ነገረች፣ እትዬ ደጅቱ ገና ከኦቶቡስ ሳይወርዱ ደረሳቸው። ቀጥ ብለው እኔው ዘንድ መጡ።

«ባሌ ልጓም ጎረሰ ያልሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«እትዬ፣ በዓይኔ በብረቱ አይቼ...»

«ጎርሷል። አባቱም ጎርሷል፣ አያቱም ጎርሷል። ላንቺ ምላስ ነበር እንጂ ልጓም የሚያሻው፣ እሱን ደግሞ የሚሠራ ቀጥቃጭ ገና አልተወለደም» ብለው ቲማቲሜን ከእጄ ወስደው መልሰው ክምሩ ላይ ጣሉት። ገበያው ሳቀብኝ። የሌላ ሰው ቢሆን ለሳምንት አስመስለው ነበር።

እሑድ ኦሜር የሚባል ሊቅ ተጠራ። ሊቅ ማለት ከሩቅ መጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ፈርሞ የሚሄድ ነው። ሰው የጣለች ፈረስ ትቆይ ወይስ ትሂድ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ትሂድ ከተባለ፣ ማንም የማይፈልገውን ፈረስ የሚሰበስብ ነጋዴ አለ። ወዴት እንደሚወስዳቸው የጠየቀ የለም። ሄዶ የተመለሰ ግን አላየሁም።

ኦሜር «ጫኗትና ላያት» አለ። ኮርቻው ተጫነ፣ ያው ልጓም ገባ። የሱፋ ጆሮ ወደ ኋላ ተለጠፈ። ሁለት ዙር አስዞሯት፣ ጭንቅላቷን ወረወረች። ኦሜር ወደ ጋሽ ካሣሁን ዞሮ «አንተ ቀኑን ሙሉ ከሷ ጋር ነህ አሉ። ንገረኝ፣ ዬሽ ቄሼር?» አላቸው።

እኔ የቢሮውን መስኮት ይዤ ነበር። እንደ ልማዳቸው ጆሮዋን አዩ። ውሸት አያውቁም።

«ኤን ቄሼር» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ አፏ ቀስረው «ሀባርዜል...» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ኦሜር ብዕሩን አውጥቶ ነበር። «በሩ ተሠርቷል፣ ካሳ» አለች ኦርና። ኦሜር እየጻፈ «ሰውየው ቢያንስ እውነተኛ ነው» አላት። በምድር ላይ የሚወዳት አንድ ሰው በገዛ አፉ ከእሷ ጋር ምንም ቁርኝት የለኝም አለ፤ እነሱ የጻፉት ይኼንን ነው። ጨርቁን ጥዬ ሮጬ እስክወርድ ተፈርሟል። ነጋዴው የሚመጣው የሚቀጥለው እሑድ።

ባሕር ዛፉ ሥር አገኘኋቸው።

«ጋሽ ካሣሁን፣ ምን እንዳሉ ያውቃሉ?»

«የጠየቀኝን ነዋ። ቀስራለች ወይ አለኝ፣ አልቀሰረችም አልኩት። ያ ብረት አፏ ውስጥ እያለ እንዴት ትቅሰር?»

«ስለ ጆሮ አይደለም እኮ የጠየቀዎት።» ነገርኳቸው፤ ቄሼር ምን እንደሆነ፣ ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ፣ እሑድ ማን እንደሚመጣ።

ወደ ሱፋ ጋጣ ዞሩ። ከዚያ «አንቺ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አሉኝ።

«ከመጀመሪያው።»

«ሦስት ዓመት።»

«አዎ።»

«እና ትስቂ ነበር።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን የተናደዱት በሌላ ነው። «ቋጠሮ ነው ያልሽኝ?» አሉ። «ታዲያ ጆሮዋን ላልቀሰረችለት ሰው ፈረስ በምኗ ትቋጠራለች? ያው አይደለም እንዴ? እኔ ምን ተሳሳትኩ?»

ቢሮ ገባሁና ለኦርና አንድ በአንድ አስረዳኋት። ሳቀች። አንገቷን ወደ ጎን ሰበር አድርጋ «ኤይዜ ሐሙድ» አለች። ሲያምር፣ እንዴት ደስ ይላል ማለት ነው፤ ለቡችላ የሚባል ነገር። «ግን ብርቱ» አለችኝ ስሜን ጠርታ፣ «የባለሙያ ውሳኔ ነው፣ ፊርማ አለበት። ደግሞ ራሱ ነው ያለው።» ስለ ልጓሙም ነገርኳት። «የተፈተነ ዕቃ ነው» አለች። ማን ፈተነው? ማን ጎረሰው?

ያን ሳምንት ዓርብ ጠዋት ጋሽ ካሣሁን ያንን አብለጭላጭ ልጓም ኪሳቸው ከተው «ነይ፣ ትተረጉሚያለሽ» ብለው ኢንዱስትሪ ዞን አቪቻይ ጋ ወሰዱኝ። አቪቻይ ሲያያቸው እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «በሩ ደኅና ነው! ሁለቴ ነው የበየድኩት!»

ትርጉም አላስፈለገም። ልጓሙን አውጥተው ወደ አቪቻይ አፍ ዘረጉለት። አቪቻይ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። ከዚያ ምን እንደነካው እንጃ፣ የብረት ሰው የብረት ሰውን ያውቀዋል መሰለኝ፣ አፉን ከፈተ። አንድ ጊዜ በምላሱ ዞር አደረገውና ተፋው። ጣቱን ምላሱ ላይ አድርጎ ደሙን አየ።

«ይኼን ነው ፈረስ የምታጎርሰው?» አለ።

«በሩ ማለት ይኼ ነው» አልኩት።

አቪቻይ ሽርጡን አውልቆ ለጋሽ ካሣሁን ሰጣቸው። በጋዝ የሚነድ እሳት ነበረው፣ ወናፍ የማያስፈልገው። ጋሽ ካሣሁን እሳቱን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። እኔ እኚህን ሰው አካፋ ይዘው ነው የማውቃቸው፤ ጎንበስ ብለው፣ ጥግ ጥጉን። መዶሻ ሲይዙ ቀጥ አሉ። ከአቪቻይ ብረት አንዱን መርጠው፣ አግለው በጉጠት ይዘው መቱት፣ አዞሩት፣ መቱት። አቪቻይ፣ አፉ የማይዘጋው አቪቻይ፣ ዝም ብሎ ቆሞ ያያል። አዲስ ልጓም ወጣ፤ ግራና ቀኝ ሁለት ክንድ፣ መሐሉ ላይ እንደ ቀለበት ክብ መጋጠሚያ። ሲሞርዱት ስንት ሰዓት ፈጀ፣ የሰንበት መግቢያ ደረሰብን። በመጨረሻ ውኃ ውስጥ ነከሩት፣ ጠረጉት፣ ጎረሱት። አወጡ፣ አንድ ቦታ ሞረዱ፣ እንደገና ጎረሱ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያወጡት «አሁን ይነጋገራል» አሉ።

እኔም ዕዳዬን ላቅልል ብዬ፣ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ለሺሪ ደወልኩ። ቁጥሯ ከየት መጣ? የቢሮ ጠረጴዛ ስጠርግ ዓይኔ ላይ ወድቆ ነው። እናቷ አነሣች፤ «ሱፋን ነገ ይወስዷታል በያት» ብዬ ዘጋሁ።

እሑድ ጠዋት ነጋዴው የጭነት መኪናውን አስጠግቶ፣ የኋላውን ከፍቶ ቆመ። ኦርና ወረቀቷን ይዛለች። ሺሪ እጇ በጀሶ ታስሮ ከእናቷ ጋር አጥሩ ላይ ቆማለች። ጋሽ ካሣሁን ሱፋን በገመድ ብቻ ይዘዋት ወጡ፣ አዲሱን ልጓም ከቦርሳቸው አወጡ።

«ካሳ፣ ይኼ ምንድን ነው? ያልተፈቀደ ዕቃ ነው» አለች ኦርና።

ልጓሙን በሰው ሁሉ ፊት ጎረሱት። ግራና ቀኝ አዙረው አወጡት፣ በሸሚዛቸው ጠረጉት። ከዚያ ከኪሳቸው አብለጭላጩን አውጥተው ለኦርና ዘረጉላት። «ቅመሽው በያት» አሉኝ። በእሳቸው ድምፅ፣ በእሳቸው አንገት ተረጎምኩት፤ ይኼን ጊዜ ግን ለሳቅ አልነበረም።

ኦርና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ብረት አልጎርስም» አለች።

«ራስሽ የማትጎርሺውን መናገር ለማትችል ታጎርሻለሽ?» አሉ። ሁለት ጊዜ ተረጎምኩት። በመጀመሪያው ሰምታለች፤ እኔ ነኝ ደስ ብሎኝ የደገምኩት።

አዲሱን ልጓም ለሱፋ አስገቡላት። ሱፋ አላመጠችው፣ ጭንቅላቷን ትወረውራለች ብለን ስንጠብቅ አልወረወረችም። ጆሮዋ ቀስ ብሎ ተነሣ። ሺሪ በአጥሩ ሥር ሾልካ ገባች። «እወጣለሁ» አለች። ኦርና ደንግጣ «ካስዳ!» ብላ ጮኸች፣ ጋሽ ካሣሁንም «አቤት» አሉ። ነጋዴው ሳይቀር ሳቀ።

ቆቧን ደፍታ ወጣች። ጋሽ ካሣሁን ዛቡን ይዘው መሩ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ሺሪ በጤነኛው እጇ ጋማውን ይዛ ታወራለች፣ ሳታንሾካሹክ፣ እኔ መስኮት ሳልይዝ እስክሰማት ድረስ። ስትናገር የሱፋ አንደኛው ጆሮ ወደ ኋላ ዞር ይላል፣ ይሰማል፣ ይመለሳል። እናትየዋ አጥሩን ይዛ አጎነበሰች።

ኦርና በሹክሹክታ «ዬሽ ቄሼር» አለች።

«ቀሰረች» አሉ ጋሽ ካሣሁን።

ወረቀቱ ተቀደደ፣ ነጋዴው ባዶ መኪናውን ይዞ እየተራገመ ሄደ። በሳምንቱ ጋዜጠኛው መጣ፣ ቀሪውን አይታችኋል። የደመወዝ ወረቀታቸው እስከ ዛሬ «ኒቃዮን» ይላል፣ ጽዳት። ይብስ ብሎ ኦርና ጠርታ «ካሳ፣ ልጓም መንካት ከፈለግህ ቴዑዳ ያስፈልጋል፤ ኮርስ አለ፣ በዕብራይስጥ፣ ፈተናም አለው» አለቻቸው። ቴዑዳ የምስክር ወረቀት ነው። እኔ እንኳን ለመተርጎም አፈርኩ።

ጋሽ ካሣሁን «ቤሴደር» አሉ። ሄደው ልጓሙን ከተሰቀለበት አወረዱ፣ ጠረጉት፣ ከዳቧቸው ጋር ቦርሳቸው ውስጥ ከተው በኦቶቡስ ወደ ጊቫት ኦልጋ ይዘውት ገቡ። በማግሥቱም እንዲሁ። ልጓሙ ጠዋት ከሳቸው ጋር ይመጣል፣ ሥራ ሲያልቅ ይሄዳል። ሺሪ ደግሞ ተራዋ ማታ ማታ ነው። ኦርና ሌላ የተገዛ ልጓም አወጣች። ሺሪ አየችውና እጇን ኪሷ ከተተች። «የካሣሁንን ብረት» አለች። ሙሉ ስማቸውን፣ ሳትቆርጥ።

በሦስተኛው ቀን ኦርና ጋጣው ድረስ መጣች፣ እኔን አስከትላ። «ጠይቂው» አለችኝ፣ «ምን ይፈልጋል? ደመወዝ ነው? ፎቶ ነው?»

ጠየቅኋቸው። አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ፈረስ ሲቸግራቸው ይጠይቁኝ» አሉ። «ሲጠይቁኝም እስክጨርስ ይቀመጡ።»

ተረጎምኩላት። ኦርና ሰዓቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ሱፋን አየች። «ቤሴደር» አለች። «እሺ፣ ልጓም ጥሩ መሆኑ በምን ይታወቃል?» ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች።

ጋሽ ካሣሁን ጉሮሯቸውን ጠርገው ከአያታቸው ጀመሩ። አያታቸው በየትኛው ዓመት ከየት መጥተው ወገራ እንደሰፈሩ፣ ከሰሉ ከምን እንጨት እንደሚከሰል። እኔ እተረጉማለሁ። አንድ ኦቶቡስ አለፈን። ሁለተኛው ሲመጣ በታሪካቸው ውስጥ ገና እሳቱ አልተያያዘም። ኦርና «ካሳ፣ ስለ ልጓሙ...» ብላ ብድግ አለች። ዝም አሉ። ተመልሳ ተቀመጠች። ቀጠሉ።